ጉድጓድ ውስጥ የጣልኩት ሰውዬ

ሴፕቴምበር 28

ምርቃቱ አለፈ። ሃያ ሁለተኛ መጽሐፌ ነው። የአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ባላባት ልጃገረድ አፈናጥጦ ሲጋልብ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የምጽፈው። የከተማችን የኪልዳራን ቤተ መጻሕፍት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከኦባን ድረስ በአውቶቡስ የመጡ ሴቶች ነበሩ። ኒኒያን ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ባሌ ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ የእኔ ዝግጅት ሲኖር ወንበር የሚሸከመው እሱ ነው። ደስ ይለዋል መሰለኝ።

ባላባቱ ኮርማክ ማሪዮታን ከሚቃጠለው ግንብ የሚያወጣበትን ገጽ አነበብኩላቸው። ደረቱ፣ ጸጉሩ፣ ጭሱ፣ ሁሉም በየቦታው ነበር። ጨርሼ ቀና ስል አንድም እንባ ያቀረረ ዓይን አላየሁም። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እጇን አወጣች።

"የጊልክሪስት አስከሬን ተገኝቷል?"

ጊልክሪስት ግራጫው ክፉው የግንቡ አጋፋሪ ነው። ቀጭን፣ እጀ ቀዝቃዛ፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ቁራጭ ገመድ የሚያጠራቅም፣ በየበሩና በየግድግዳው ጆሮውን የሚለጥፍ። ግራጫው የተባለው በካባው ነው። መጨረሻው ላይ ኮርማክ አንጠልጥሎ ጉድጓድ ይከተዋል። ይገባዋል።

"ሞቷል" አልኩ።

"አስከሬኑ ግን አልተገኘም" አለች። አዳራሹ በሙሉ አጉረመረመ።

ስለ ኮርማክ የጠየቀኝ ልኳንዳ ነጋዴው ሩአሪ ብቻ ነው። እሱም ሽፋኑ ላይ ደረቱን ገልጦ የቆመው ራሱ ስለሆነ ነው።


ኦክቶበር 3

ፊሊፓ ደወለች። ኤድንብራ ያለችው አርታዒዬ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እሷ ግን ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ "ኤልሲዬ" ነው የምትለኝ። ኤልስፔት ብሎ የሚጠራኝ ኒኒያን ብቻ ቀርቷል።

"ኤልሲዬ፣ ሴቶቹ አብደዋል! ጊልክሪስትን መልሺልን እያሉ ነው። አንዷማ ጥቁር ለብሳ ፎቶዋን ልካልናለች።"

"ክፉ ሰው እኮ ነው፣ ፊሊፓ።"

"ምን አደረገ? እስቲ አንድ የሠራውን ክፋት ንገሪኝ።"

አሰብኩ። "ያዳምጣል" አልኩ።

"ይኸው!" ብላ ጮኸች። "የሚያዳምጥ ወንድ! ሃያ ሦስተኛው መጽሐፍ የእሱ ነው። ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ማሪዮታን ያገባል። ለገና አድርሺልኝ።"

"ኮርማክስ?"

"ኮርማክ ጦርነት ይሂድ።"

በፍጹም አይሆንም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እሺ ማለቴ ትዝ ያለኝ።


ኦክቶበር 6

ምዕራፍ አንድ። ጊልክሪስት ከጉድጓድ ወጣ። መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ኮርማክ ቢሆን ወደ ሰማይ አንጋጦ ያገሳል። ጊልክሪስት ጫማውን ጠረገ። ከዚያ የጉድጓዱን ክዳን መልሶ ገጠመ፤ ሕፃን እንዳይገባበት።

ቀኑን ሙሉ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ይህን ማን ያፈቅረዋል?


ኦክቶበር 10

ቁርስ ላይ። ኒኒያን የአጃ ገንፎውን በጨው፣ እንደ ወትሮው ምድጃው አጠገብ ቆሞ እየበላ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ ነው?"

"የቱ ጉድጓድ?"

"ሰውዬውን የጣልሽበት።"

ሻዬ ትን አለኝ። መጽሐፎቼን አንብቦ አያውቅም። "እሱ ያንቺ ዓለም ነው፤ ሳይጠሩኝ አልገባም" ይል ነበር። እኔም አልጠራሁትም።

"ጥልቅ ነው" አልኩ።

"ግንቡ ባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ነው ብለሻል። እዚያ ጥልቅ ጉድጓድ አይቆፈርም። ቢበዛ እስከ ወገቡ ነው የሚገባው።"

"ስለዚህ ተርፏል ነው የምትለው?"

"መርጠቡ አይቀርም" አለ። ገንፎውን አማሰለና "ገንፎውን ቆሞ የሚበላውስ ለምንድን ነው?" አለኝ።

"የዘመኑ ልማድ ነው።"

ሳህኑን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለታችንም የት እንደምናይ ጠፋን።

እንዳይረሳኝ ልጻፈው፦ ጊልክሪስት ከኒኒያን ጋር ምንም አይገናኝም። ጊልክሪስት ዓይኑ ግራጫ ነው። የኒኒያንን ነገ አያለሁ።


ኦክቶበር 11

ግራጫ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው።


ኦክቶበር 15

ከኒኒያን ጋር ሩአሪ ልኳንዳ ገባን። ተሰልፈው ከነበሩት ሴቶች አንዷ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት። "እሱ ነው!" ከዚያ ሁሉም ገለል አሉ። "አቶ ጊልክሪስት፣ ይለፉ፣ ይለፉ።" ኒኒያን እስከ ጆሮው ቀላ።

ሩአሪ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ተከለው።

"ወይዘሮ ማክፌል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ምን አጠፋሁ? በዚያ ብርድ ደረቴን ገልጬ የቆምኩት እኔ! ሳል ይዞኝ የከረምኩት እኔ! ትናንት አንዷ መጥታ 'ያንን ምስኪን ጉድጓድ የከተትከው አንተ ነህ?' ብላ ያስመዘነችውን የበግ ጉበት ጥላልኝ ወጣች።"

ኒኒያን ጉሮሮውን ጠረገ። "ጉበቱን እኛ እንውሰደዋ፤ እንዳይበላሽ።"

ሴቶቹ ቃተቱ። ስለ ጉበት ተናግሮ ሴት ያስቃተተ ወንድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሃያ ሁለት መጽሐፍ ሙሉ በነጎድጓድና በፈረስ የለፋሁት ለምን ነበር?

ቤት ስንደርስ "ሰዎቹ ምን ነካቸው?" አለኝ።

"መጽሐፉ ወዷቸው ነው" አልኩት። ተሳሳትኩ፤ መጽሐፉን ወደውት ነው ማለቴ ነበር። አላረመኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያርመኝ ነበር።


ኦክቶበር 21

ፊሊፓ ከኤድንብራ ድረስ መጣች። አሁን ሆቴል የሆነ አንድ የድሮ ግንብ ተከራይታ የአንባቢዎች በዓል ልታዘጋጅ ነው። ሩአሪ ኮርማክ ሆኖ በፈረስ ይገባል። "ጊልክሪስት የሚሆን ተዋናይ ግን አጣሁ" አለች። "ሁሉም ያምራሉ።"

ይህን ስትል ኒኒያን ማዳመጫ ዘንጉን ይዞ ገባ። የድሮ የሥራ ዕቃው ነው። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ያለበት ግድግዳ ላይ ያደርጋል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ ይሰማል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከሰሞኑ እርጥበት አለው። ፊሊፓ ኬኳን በአፏ እንደያዘች ቀረች።

"አምላኬ! ኤልሲ! ይሄ... ይሄ እኮ..."

"ባለቤቴ ነው።"

"ቤት ውስጥ አስቀምጠሽው ነው እኔን ኤድንብራና ግላስጎው ስታዞሪኝ የከረምሽው?"

በዓሉ ላይ ጊልክሪስትን እንዲሆንላት ለመነችው። ኒኒያን ዘንጉን ከግድግዳው አላነሳም። "ኤልስፔት ምን ትላለች?" አለ።

"ግሩም ሐሳብ ነው!" አልኩ።

ወደ ግድግዳው ዞረ። "እሺ" አለ።

በደስታ ተቀበለ። ሥራዬን እንዲህ ሲደግፈኝ የመጀመሪያው ነው።


ኦክቶበር 29

መሰላል ፈልጌ መሣሪያ ቤቱ ስገባ መጽሐፎቼን አገኘኋቸው። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ መደርደሪያ ላይ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ። በብዙዎቹ መሃል የገመድ ቁራጭ ዕልባት ገብቶባቸዋል። አንዳንዱ ውስጥ አምስት ስድስት ቁራጭ አለ።

"እያነበብካቸው ነው እንዴ?" አልኩት፤ ሙቀት ተሰማኝ።

"አሥራ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ።"

"እንዴት ነው?"

"የአራተኛው ሸሪፍ ጉሮሮውን ይጠርጋል" አለ። "የሰባተኛው አበ ምኔት እጁ ይቀዘቅዛል። አሥራ አንደኛው ላይ መርዝ የሚበጠብጠው ሰውዬ ገመድ ያጠራቅማል።"

"ገጸ ባሕርይ ሲሣል ምልክት ያስፈልገዋል፣ ኒኒያን። አንባቢው በምን ይለየዋል?"

"እኔ ወዲያው ነው የለየሁት" አለና መሰላሉን አቀበለኝ።

ከአርታዒ የበለጠ ልብ ብሎ ያነባል። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል።


ኖቬምበር 5

የፍቅሩ ትዕይንት አልሄድ አለ። ማሪዮታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጊልክሪስት ይገባል። ሁለት እርምጃ ይቀርባታል። ከዚያ መስኮቱ በደንብ አለመዘጋቱን አይቶ ይዘጋዋል። ደጋግሜ ጻፍኩት፤ ሁሌም መስኮቱን ይዘጋል። ይህ ሰው ከመስኮቱ ወዲያ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ ማነው?

ፊሊፓ በረቂቁ ጠርዝ ላይ ጽፋለች፦ "ደረቱ የት ሄደ? ተደብቆ የኖረ ደረት ይኑረው።" ደግሞ፦ "ኪልት አልብሺው።" ስልክ ደውዬ በዚያ ዘመን ኪልት የሚባለው የወንዶች ቀሚስ ገና አልታሰበም አልኳት።

"ኤልሲዬ፣ ሰው ለስኮትላንድ ብሎ መጽሐፍ ገዝቶ ኪልት ካጣ አይመለስም።"

እውነቷን ነው። ሦስተኛው መጽሐፌ ላይ ባላባቶቹን ድንች አበላኋቸው። ድንች ወደዚህ አገር የገባው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። አራተኛው ላይ ባላባቱ አንድ ገጽ ሙሉ ሱሪ ለበሰና አቤቱታው እስከ ዛሬ ይመጣል።

ኒኒያን ዛሬም ቀደም ብሎ ተኛ። ከአሥራ አራተኛው በኋላ ያሉትን ጨርሷል መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም።


ኖቬምበር 12

በዓሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። በግንቡ አጥር ግቢ ሴቶች በዝናብ ካፖርት ተሰልፈው ቆመዋል። ሩአሪ በነጭ ፈረስ ገባ። ደረቱን ዘይት ቀብቶት ስለነበር ውሃው ዳክዬ ላይ እንዳለ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሰይፉን መዞ "ማሪዮታ!" ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አስነጠሰው። ፈረሱ ደነገጠና ተሸክሞት ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ አላየነውም።

አዳራሹ ውስጥ ኒኒያን ግራጫ ካባ ለብሶ መድረክ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ። ሰዎቹ እሱን እንደ ጊልክሪስት እንዲጠይቁት ፊሊፓ ማይክ ሰጠቻቸው። ከዳንዲ ከተማ የመጣች አንዲት ሴትዮ ተነሣች፤ ትልቅ ሴት ናት፤ ነርስ እንደነበረች ተናገረች።

"አቶ ጊልክሪስት፣ በየበሩ ጆሮዎን የሚለጥፉት ለምንድን ነው?"

ኒኒያን ጉሮሮውን ጠረገ። አስቦበት አይደለም፣ እንዲያው መጣበት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እስኪበርድላቸው ጠበቀ።

"ግንብ ትልቅ ነው" አለ። "አንድ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ቢኖር ሌላው አይሰማም። አንድ የሚሰማ ሰው መኖር አለበት ብዬ ነው።"

የዳንዲዋ ሴትዮ ቀስ ብላ ተቀመጠች። መሐረብ ሲወጣ አየሁ። እኔ ያንን ጽፌ አላውቅም። ከየት አመጣው?

ከኋላ አንዷ ጮኸች፦ "ማሪዮታን ይወዷታል?"

"እሱን ጸሐፊዋን ጠይቋት" አለ ኒኒያን። "በሃያ ሁለት መጽሐፍ፣ በሸሪፍነትም፣ በአበ ምኔትነትም፣ በአጋፋሪነትም አገልግያታለሁ። እስካሁን ይህን አልጠየቀችኝም።"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ነበር። ፊሊፓ በሳቅ አለቀሰች። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም አብልጬ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እየሳቀ አልነበረም። ትወናው ግሩም ነው።

ከዚያ ሴቶቹ እጁን ለመጨበጥ ተሰለፉ። የዳንዲዋ "እጁ እንዴት ይቀዘቅዛል፣ የኔ ጌታ!" ብላ በሁለት እጇ ይዛ አሟሟቀችለት። እኔ ፈርሚልኝ ባይ ጠፍቶ የፈሰሰ ሻይ ጠረግኩ።

መኪና ውስጥ የመስታወቱ መጥረጊያ ብቻ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። ሁለታችንም ደክሞን ነው።


ኖቬምበር 15

ኒኒያን እህቱ ሾናግ ዘንድ ሄደ፣ ኮሎንሴ ደሴት። በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ነው የነገረኝ።

"የሾናግ ጣሪያ ያፈሳል።"

"በኖቬምበር ጣሪያ ይጠገናል?"

"በኖቬምበር ነው የሚያፈሰው።"

"መቼ ትመለሳለህ?"

"ስጨርስ" አለና ቆመ። የሆነ ነገር እንድል የሚጠብቅ ይመስል ነበር። "ምዕራፍ ስድስት ላይ ተይዣለሁ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

የጣሪያ ሥራ ይወዳል።


ኖቬምበር 18

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለመጻፍ ተስማሚ ነው። አልጻፍኩም።


ኖቬምበር 20

ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ይንጠባጠባል። የት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። ፖስተኛው በመስኮት አየኝ።


ኖቬምበር 22

ደሴቱ ደወልኩ። ሾናግ አነሣች።

"ጣሪያው እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"የትኛው ጣሪያ?"

"ያንቺው፣ ሾናግ። የሚያፈሰው።"

"የኔ ጣሪያ ከአምና ወዲህ አዲስ ነው" አለች። ከዚያ "እ... አዎ። ጣሪያው። ያፈሳል፣ በጣም ያፈሳል። ኒኒያን? አሁን የለም። ውጭ ነው" አለች። ከጀርባዋ ግን አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

ሾናግ አርጅታለች። የራሷን ጣሪያ መርሳት ጀምራለች፤ ያሳዝናል።


ኖቬምበር 30

ሩአሪ ቤት ድረስ መጣ። ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ግራጫ ሹራብ ለብሷል። መናገር ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን እንደ ትራክተር አስጮኸው።

"ወይዘሮ ማክፌል፣ የሚቀጥለው ሽፋን ላይ እኔ ጊልክሪስት ልሁን። ማዳመጥ ተለማምጃለሁ። ትናንት አንዷ ደንበኛ ስለ ጉልበቷ ሕመም ስታወራኝ አንድም ጊዜ አላቋረጥኳትም።"

"ምን አለችህ?"

"ጉልበቷን... እ..." አሰበ። "ግራው ይሁን ቀኙ ጠፋኝ። ግን አላቋረጥኳትም!"

እሱ ብቻ አይደለም። ፖስተኛው ጉሮሮውን ይጠርጋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንዶቹ በሙሉ ይጠርጉ ስለነበር ቄሱ ስለ ጉንፋን ጸለየ። በከተማው ውስጥ ጉሮሮው የማይሰማኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከተማው ውስጥ የለም።

ፊሊፓ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ምዕራፍ ስድስት ላይ ነኝ።


ዲሴምበር 6

ዛሬ አልጻፍኩም፤ አነበብኩ። የራሴን። ገመድ ያስገባባቸውን ገጾች ብቻ ልይ ብዬ መሣሪያ ቤቱ ገባሁ፤ እዚያው በቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

አራት ናቸው፤ ኒኒያንን የሚመስሉት። አበ ምኔቱ ከተቆጠረ አምስት። ማለቴ፣ ቀራጩንም፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤትም ከቆጠርን... መቁጠር ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ግን አላስተዋልኩም ነበር። ኮርማክም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩት ባላባቶች በሙሉ ጥያቄ አይጠይቁም። ያዛሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይስማሉ፣ ይጋልባሉ። "ደክሞሻል?" ያለ አንድም የለም።

ዘጠነኛው ላይ የገባው ገመድ ቀይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ነጭ። የዚያ መጽሐፍ ልጃገረድ አዳ፣ የማሪዮታ አያት ናት፣ እናቷ ትሞትባታለች። ባላባቱ ሊበቀል ይጋልባል፤ ማንን እንደሚበቀል አልጻፍኩም፤ ሴትዮዋ በበሽታ ነው የሞተችው። አዳ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። ክፉው ቀራጭ ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። አያንኳኳም፣ አይናገርም። ሲነጋ በሩን ስትከፍት ግድግዳውን ተደግፎ ተኝቷል፤ አጠገቡ የቀዘቀዘ ሾርባ አለ። አዳ "ሰላይ!" ብላ በእግሯ ትገፋዋለች። ምዕራፉ ያልቃል።

ያንን የጻፍኩት እናቴ በሞተች ዓመት ነው። ሾርባውን ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም።

የምስር ሾርባ ነበር፤ ኒኒያን የሚሠራው ዓይነት።


ዲሴምበር 9

ኦባን። መርከቡ በነፋስ ምክንያት አልወጣም። ወደብ ላይ ያለች ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። አስተናጋጇ አወቀችኝ። "ጊልክሪስት በሕይወት አለ?" አለችኝ።

"እሱን ልጠይቀው እየሄድኩ ነው" አልኳት።


ዲሴምበር 10

ኮሎንሴ። መርከቡ ከላይ ከታች ሲያላጋን መጣ፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። በመጽሐፎቼ ውስጥ ማሪዮታ ይህንኑ ባሕር በጀልባ ስታቋርጥ ጸጉሯ ብቻ ነው የሚበተነው።

ሾናግ መርከብ ማቆሚያው ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀችኝ። የኒኒያን ታላቅ እህት ናት፤ ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ እሷም ጉሮሮ ጠራጊ።

"ጣሪያዬን ልታዪ ነው?" አለችኝ።

"ሾናግ፣ እባክሽ።"

"እኔም አንብቤሻለሁ። አሥራ ስድስተኛው ላይ በጎቿን ስም አውጥታ የምትጠራው ጠንቋይ እኔ ነኝ፤ አይደለሁም?"

ሻንጣዬን ወደ ሌላ እጄ አዛወርኩ።

"ደህና ነው ያቃጠልሽኝ" አለች። "ሂጂ፤ በረት ውስጥ ነው። ፊትሽን ግን ታጠቢ፤ አረንጓዴ ሆነሻል።"

ኒኒያን የበረቱን የውሃ ገንዳ እየጠገነ ነበር። አየኝና ቀጠለ። በጎቹም አዩኝና ማመንዠካቸውን ቀጠሉ።

"ለመጽሐፉ ነው የመጣሽው ወይስ ለኔ?" አለኝ።

ኮርማክ ፊት የቆመች ማሪዮታ ብትሆን "ላንተ ብቻ!" ትላለች። አፌም ተዘጋጅቶ ነበር።

"ለሁለቱም" አልኩ። "ምዕራፍ ስድስት ላይ ቆሜያለሁ። ቤቱ ደግሞ ያለ አንተ ቤት አይደለም። የትኛው እንዳስነሣኝ እኔም አላወቅኩም።"

መፍቻውን አስቀመጠ። "ካነበብኩልሽ ሃያ ሁለት መጽሐፍ ሁሉ ይሄ የተሻለው ንግግር ነው" አለ።

"ክፉ ሰው ሲያስፈልገኝ ቅርቤ ያለኸው አንተ ነበርክ፣ ኒኒያን። ሌላ ወንድ የት አውቃለሁ?"

"ጎበዝ ሰው ሲያስፈልግሽስ?"

"ሩአሪ በመስኮት ይታየኛል።"

ፊቱ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሲመጣ ትከሻው ነው የሚጀምረው፤ ድምፁ በኋላ ነው የሚደርሰው። ይህን አንድም መጽሐፍ ውስጥ አላስገባሁትም። አንድም ክፉ ሰው አስቄ አላውቅምና።

"በየመጽሐፉ ስትገድይኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ?" አለ ሳቁ ሲያበቃ። "መሞቱ አይደለም። ስሞት ደስ የሚላቸው መሆኑ ነው። ግንቡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጨፍራል። አንዱ እንኳ 'ቧንቧውን አሁን ማን ያያል?' አይልም።"

"በዚያ ዘመን ቧንቧ የለም።"

"ድንች አለ አይደል?"

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባባልን። ሁሉም ሳቅ አልነበረም። እኔም ያለኝን አልኩ፤ የዘጋው መስኮት ሁሉ፣ የዋጠው ቃል ሁሉ፣ እንዴት ብርድ እንደሚሆን። ተቆጣ። ተቆጥቶ አይቼው እንኳ አላውቅም ነበር። ጮኸ፤ በጎቹ ወደ ጥጉ ሸሹ። ሾናግ በበረቱ በር አንገቷን አስገብታ "ራት ደርሷል፤ ተገዳደሉና ኑ" ብላ ሄደች።


ዲሴምበር 12

ፊሊፓ ዛሬ ጠዋት ሾናግ ቤት ደወለች። እንዴት ቁጥሩን እንዳገኘችው አንድዬ ይወቅ።

"ኤልሲዬ፣ አሳታሚው እየጮኸ ነው! መጨረሻው ብቻ ይላክ። ጊልክሪስት ለማሪዮታ ፍቅሩን የሚገልጽባት አንዲት ገጽ! ምን ይላታል? እሱን ካገኘሽ ሌላው በራሱ ይሞላል።"

"አላገኘሁትም" አልኳት። ያን ጊዜ እውነት ነበር።

ከምሳ በኋላ ከኒኒያን ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ነፋሱ ስለበረታ ክንዱን ያዝኩ። አሸዋው ላይ እኛና ጥቂት ወፎች ብቻ ነበርን። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ምንም ሳያስቀድም ቆመና ተናገረ። አጭር ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ አንዱ ጥያቄ ነው። እኔም መለስኩለት።

ስንመለስ እጄ ወደ እርሳስ መሄዱ አልቀረም፤ የኖረበት ነው። ኒኒያን አየኝ። እርሳሱን ሾናግ ሰጥታኝ ነበርና ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ መልሼ አስቀመጥኩላት።

ለፊሊፓ ደወልኩ። "መጨረሻው እንዲህ ነው" አልኳት። "ጊልክሪስት ክፍሉ ይገባል። መስኮቱን ይዘጋል። ከዚያ አንድ ነገር ይላታል፤ እኛ ግን ውጭ ነን፤ አንሰማም።"

"አንሰማም? አንሰማም! ኤልሲ፣ አንባቢው ያብዳል!"

"ይበድ።"

"ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ምንድን ነው የሚላት?"

ረቡዕ መርከብ አለ፤ ሁለታችንም እንሄዳለን። የተናገረውን ግን ለፊሊፓ አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።